ስለ አውቶሞቢል ግዢ፤ በጥቂት ንዋይ ብዙ ስለ ማስተዋል

በቀድሞው ዘመን በቅሎ ሊገዛ ወደ ገበያ የወጣ ባላገር ጥርሷን ገልጦ ዕድሜዋን ሳይመረምር፣ ኮቴዋን አንሥቶ ሳያይ፣ ጥቂት አስጉዞም አረማመዷን ሳያስተውል ገንዘቡን ከመቀነቱ አይፈታም ነበር፤ ሻጩም ቢሆን ስለ በቅሎ ጠባይ ከገዢው የበለጠ የሚያውቀው ብዙ ነገር ስላልነበረ፣ ክርክሩ በዋጋው ላይ ቢበረታ እንጂ በዕውቀት ረገድ ሁለቱ ተስተካክለው የሚቆሙ ነበሩ። አውቶሞቢል በመጣ ጊዜ ግን ይህ የዕውቀት ሚዛን ፈረሰ። መጠነኛ ገቢ ያለው ሰው፣ ከመኖሪያ ቤቱ በቀር በሕይወቱ ከሚገዛው ንብረት ሁሉ የሚበልጠውን ነገር፣ ውስጡን ሳያውቀውና የነገ ወጪውንም ሳይገምት እንዲገዛ የተጠየቀው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ባለ ጥቂት ንዋይ ሰው አዲስ መኪና በመግዛት ረገድ ያሳለፈው ታሪክ፣ ላይ ላዩን ሲታይ የፋብሪካና የዋጋ ታሪክ ቢመስልም፣ ጠልቆ ለሚመረምረው ገዢው ያንን ከእጁ የወጣውን ዕውቀት ቀስ በቀስ ለማስመለስ ያደረገው የመቶ ዓመት ትግል ሆኖ ይገኛል። የዚህ ሐተታ ዓላማም ትግሉን በየዘመኑ መከተልና ለዛሬው ገዢ የሚተርፈውን ምክር ከታሪኩ ማውጣት ነው። የውጭ አገር ነገር በሚወሳበት ስፍራ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችን ነገር በሚወሳበት ስፍራ ደግሞ ዓመተ ምሕረት እየተባለ በራሳችን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ካርል ቤንዝ የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ በቤንዚን ኃይል ለሚሄደው ባለ ሦስት ጎማ ሠረገላው በ1886 የፈጠራ መብት ካስመዘገበ በኋላ፣ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ድረስ አውቶሞቢል የነገሥታት፣ የመሳፍንትና የታላላቅ ባለጸጎች ገንዘብ ሆኖ ቆየ። እያንዳንዱ መኪና በብልሃተኞች እጅ አንድ በአንድ ይሠራ ስለ ነበረ የአንዱ ክፍል ለሌላው አይገጥምም፤ ባለቤቱም ነጂና መካኒክ በደመወዝ ቀጥሮ ካላኖረ በቀር ከደጃፉ ርቆ መሄድ አይደፍርም ነበር። ወደ አገራችንም የገባው በዚሁ የመዓርግ ዕቃነቱ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቢድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ፣ መንገድ ባልተጠረገበት በረሃና አቀበት ብዙ ድካም ተቀብሎ፣ መኪናውን እስከ አዲስ አበባ አድርሶ ለዐፄ ምኒልክ ባቀረበላቸው ጊዜ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለአዲስ ጥበብ ከነበራቸው ፍቅር የተነሣ በደስታ ተቀበሉት፤ ነገር ግን የመኪና ዋጋ ጠይቆ ከወር ደመወዙ ጋር የሚያስተያይ ተራ ሰው ያን ጊዜ በአዲስ አበባ ቀርቶ በለንደንም በብዛት አይገኝም ነበር።

ከዚህ በኋላ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በኦክቶበር 1908፣ ሄንሪ ፎርድ በዲትሮይት ከተማ ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና በ850 ዶላር ለሽያጭ አቀረበ። ይህ ዋጋ ለዚያን ጊዜው ሠራተኛ ገና ከዐቅም በላይ ነበር። ይሁን እንጂ ፎርድ፣ ዋጋ የሚወርደው የመኪናውን ጥንካሬ በመቀነስ ሳይሆን የአሠራሩን ሥርዓት በመለወጥ መሆኑን ስለ ተረዳ፣ አንድ ዓይነት መኪና ብቻ፣ ክፍሎቹ ሁሉ ያለ ሞረድ እርስ በርሳቸው እንዲገጥሙ አድርጎ ይሠራ ዘንድ ቆርጦ ተነሣ፤ በ1913ም በሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካው፣ ሠራተኛው ባለበት ቆሞ ሥራው ወደ እርሱ እየተንቀሳቀሰ የሚመጣበትን የመገጣጠሚያ መስመር በዘረጋ ጊዜ፣ የአንዱን መኪና ሻንሲ ለመግጠም ይፈጅ የነበረው 12 ሰዓት ተኩል በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 1 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ወረደ። በ1914 መጀመሪያ የሠራተኛውን የቀን ደመወዝ ከቀድሞው እጥፍ ወደሚያህል ወደ 5 ዶላር ከፍ ሲያደርገው፣ መኪናውን የሚሠራው ሰው ራሱ መኪናውን የሚገዛበት ቀን ቀረበ። ዋጋውም ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ በ1920ዎቹ አጋማሽ ባለ ሁለት መቀመጫው 260 ዶላር ደረሰ፤ ሥራው በ1927 እስኪያበቃ ድረስም ከ15 ሚሊዮን በላይ ሞዴል ቲ ከፋብሪካ ወጣ።

የሞዴል ቲ ዝና በርካሽነቱ ብቻ የቆመ አለመሆኑን ማስተዋል ይገባል። የአሜሪካ ገበሬ ይህንን መኪና የወደደው፣ ሆዱ ከመሬት ከፍ ያለ ስለ ሆነ ጭቃና ጉድጓድ በበዛበት የገጠር መንገድ የማይቀር በመሆኑ፣ ብረቱም ለክብደቱ ብርቱ በመሆኑ፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ቁልፍና መዶሻ መያዝ የሚያውቅ ሰው ሁሉ በራሱ ግቢ ሊፈታውና ሊገጥመው የሚችል፣ መለዋወጫውም በየትናንሹ ከተማ የሚገኝ በመሆኑ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ባለ መጠነኛ ሀብት ገዢ ያገኘው ጥበብ ይህ ነበር፤ ይኸውም መኪና የሚገዛው አንድ ጊዜ ቢሆንም የሚጠገነው ግን ዕድሜውን ሙሉ መሆኑን ማወቅ ነው። በሌላው ወገን ግን በጋዜጣ የታወጀው ዋጋና ከኪስ የሚወጣው ዋጋ አንድ አለመሆናቸውም ያን ጊዜውኑ ታየ። በእጅ እየተዘወረ የሚነሣው ሞተር የብዙ ሰዎችን ክንድ ይሰብር ነበር፤ ከዚህ አደጋ የሚያድነው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በ1919 ለሞዴል ቲ ሲመጣ ደግሞ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈልበት ሆነ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ፣ በማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ባዶውን መኪና የሚመለከት ሲሆን፣ ለአገልግሎት የሚያስፈልገው ነገር ግን በየስሙ እየተቆጠረ ከሥሩ ይደመራል።

ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ቆጥሮ ያልሰጠ ገዢ መኪና አይወስድም የሚለው ልማድ ብዙ ሰው ከደጅ እንዲቀር ስላደረገ፣ በ1919 ጄኔራል ሞተርስ ለገዢዎች የሚያበድር የራሱን የገንዘብ ድርጅት አቋቋመ። በዚያ ዘመን ልማድ ገዢው የዋጋውን ሲሶ ያህል በቅድሚያ ይከፍላል፤ መኪናውን ወዲያው ይረከባል፤ ቀሪውንም ከነወለዱ በአንድ ዓመት ያህል ጊዜ በየወሩ እየከፈለ ይጨርሳል። ፎርድ ዕዳን አጥብቆ ይጠላ ስለ ነበረ፣ በ1923 ይህንን የሚቃረን ሥርዓት አወጣ፤ በእርሱም ገዢው በየሳምንቱ 5 ዶላር እያመጣ በባንክ ያስቀምጣል፣ ወለዱም ለራሱ ይታሰብለታል፣ ሒሳቡ በሞላ ጊዜ መኪናውን ይወስዳል። በሒሳብ ለሚመዝነው ሰው የፎርድ ሥርዓት ለገዢው የሚያደላ ነበር፤ በአንደኛው መንገድ ወለድ የሚከፍለው ገዢው ሲሆን በሁለተኛው ወለድ የሚቀበለው እርሱ ነውና። ነገር ግን የሰው ልቡና ፈጥኖ ማግኘትን ከመጠበቅ ይልቅ ስለሚወድ፣ ሕዝቡ ዕዳውን መረጠ፤ በ1920ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ከሚሸጡት አራት መኪናዎች ሦስቱ ያህል በብድር የሚሸጡ ሆኑ፤ በ1928ም የፎርድ ኩባንያ ራሱ የብድር ድርጅት ለመክፈት ተገደደ።

ዕዳው ከገባ በኋላ የገበያው ንግግር ራሱ ተለወጠ። ቀድሞ ገዢው ስንት ነው ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን ሻጩ በወር ስንት መክፈል ትችላለህ ብሎ የሚጠይቅ ሆነ። ይህ ጥያቄ ሲሰሙት ርኅራኄ የሞላበት ቢመስልም፣ የገዢውን ዓይን ከጠቅላላው ዋጋ ላይ አንሥቶ በትንሹ ቁጥር ላይ ያሳርፈዋል። ለአብነት ያህል 20,000 ዶላር በዓመት 8 ከመቶ ወለድ የተበደረ ሰው በአምስት ዓመት ቢከፍል በየወሩ 406 ዶላር ገደማ፣ በሰባት ዓመት ቢከፍል ደግሞ 312 ዶላር ገደማ ይደርስበታል፤ ሁለተኛው ቀለል ያለ ሆኖ ይታየዋል፤ ጠቅላላው ሲደመር ግን የመጀመሪያው 24,300 ያህል፣ ሁለተኛው 26,200 ያህል ይሆናልና፣ ለወር እፎይታው 1,900 ዶላር ገደማ ይከፍላል ማለት ነው። በዋሽንግተንና በሌሎች የአሜሪካ ከተማዎች የሚኖሩ፣ ብዙዎቹም በታክሲ ሥራ ቤተሰባቸውን ያሳደጉ ወገኖቻችን ይህንን ጥያቄ በሻጭ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠው የሚሰሙት ዛሬም ነው።

በዚያው ዘመን የጄኔራል ሞተርስ አለቃ የነበረው አልፍሬድ ስሎን ለእያንዳንዱ የገቢ ደረጃ የሚስማማ መኪና ማቅረብን የኩባንያው መመሪያ አደረገ፤ ከዝቅተኛው ከሼቭሮሌ እስከ ከፍተኛው እስከ ካዲላክ ድረስ መሰላል ሠርቶ፣ በየዓመቱም መልኩን ጥቂት ጥቂት እየለወጠ፣ የአምናው መኪና ገና ደኅና እየሠራ ሳለ ለባለቤቱ አሮጌ ሆኖ እንዲታየው አደረገ። ፎርድ የሚያረጀው ብረቱ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ስሎን ግን ዓይንም እንደሚያረጅ ተረዳ። ባለ ጥቂት ንዋይ ገዢ ከዚህ የሚማረው፣ በየዓመቱ ከሚታደሰው መልክ ብዙው ከሜካኒኩ ጋር የማይገናኝ በመሆኑ፣ አዲሱ ዓይነት ሊገባ ሲል የሚቀረውን የዓመቱን የመጨረሻ መኪና በቅናሽ መግዛት ከጥበብ የሚቆጠር መሆኑን ነው።

ስለ ቅድሚያ ክፍያ የሚነገረው እጅግ የከበደው ተግሣጽ ከጀርመን አገር የመጣ ነው። በ1938 የናዚ መንግሥት፣ ፈርዲናንድ ፖርሼ የነደፈውን የሕዝብ መኪና እያንዳንዱ ሠራተኛ በ990 ማርክ እንዲያገኝ አደርጋለሁ ብሎ ዐወጀ። ገዢው በየሳምንቱ ቢያንስ 5 ማርክ እየከፈለ ቴምብር ይገዛል፣ ቴምብሩንም በደብተር ላይ ይለጥፋል፣ ደብተሩ በሞላ ጊዜ ተራውን ይጠብቃል፤ ለገንዘቡ ወለድ አይታሰብለትም። 336,000 የሚያህሉ ሰዎች በዚህ ተስፋ ገንዘባቸውን ከፈሉ። ጦርነቱ በ1939 በተነሣ ጊዜ ፋብሪካው ለሠራዊት የሚሆን ተሽከርካሪ ወደ መሥራት ዞረ፤ ከቈጣቢዎቹም መካከል መኪናውን የተረከበ አንድ ስንኳ አልተገኘም። ከጦርነቱ በኋላ ቈጣቢዎቹ ፋብሪካውን ፍርድ ቤት አቁመው ዓመታት የፈጀ ክርክር ካካሄዱ በኋላ፣ በ1961 በተደረገ ዕርቅ፣ አዲስ መኪና ለሚገዛ እስከ 600 ማርክ ቅናሽ፣ ለማይገዛ ደግሞ እስከ 100 ማርክ በጥሬ ገንዘብ እንዲሰጥ ተወሰነ። በዓይን ላልታየ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ላልተመዘገበ፣ የሚረከቡበትም ቀን በውል ላልተቈረጠ መኪና ገንዘብን አሳልፎ መስጠት ምን ያህል እንደሚጎዳ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አያስፈልግም። መንግሥት ራሱ ዋስ ሆኖ ሳለ ይህ ከደረሰ፣ ቢሮ ተከራይቶ የመኪና ሥዕል ብቻ ለሚያሳይ ነጋዴ ማን ዋስ ይሆናል?

ያው መኪና ከጦርነቱ በኋላ፣ ኢቫን ሄርስት የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን የፈረሰውን የቮልፍስቡርግ ፋብሪካ እንደ ገና ሥራ ካስጀመረው ወዲህ፣ ከተነገረለት ተስፋ አልፎ የዓለም ሕዝብ መኪና ሆነ። ቮልስዋገን ቢትል ሞተሩ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ስለ ሆነ በአቀበት ላይ የሚፈላ ውሃ የለውም፤ መልኩም ከዓመት ዓመት ብዙ ስለማይለወጥ የአምስት ዓመቱ በአዲሱ ፊት አያፍርም፤ የዚያም ዓመት መለዋወጫ ለዚህ ዓመት ይሆናል። በአገራችን ደጋ ከተማዎች ከመምህራንና ከመንግሥት ሠራተኞች ጋር ለብዙ ዘመን የተወዳጀውም በዚህ ጠባዩ ነው። በፌብሩዋሪ 1972 በተሠራው ብዛት የሞዴል ቲን ክብረ ወሰን አለፈ፤ በ2003 የመጨረሻው በሜክሲኮ እስኪሠራ ድረስም ከ21 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። የስሎን መሰላል በአሜሪካ ዓይንን ሲገዛ፣ የማይለወጠው መኪና በሌላው ዓለም የቈጣቢውን ልብ ገዛ።

በፈረንሳይ የሲትሮኤን አለቃ ፒየር ቡላንዤ ለመሐንዲሶቹ የሰጠው ትእዛዝ፣ ሁለት ገበሬዎችንና 50 ኪሎ ድንች ጭኖ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ፣ ለ100 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር ብቻ የሚፈጅ መኪና ሥሩልኝ የሚል ነበር፤ በዚህም ትእዛዝ የተሠራው ባለ 375 ሲሲው ዱ ሽቮ በ1948 በፓሪስ ሲታይ ብዙዎች በመልኩ ቢስቁም ፈላጊው እጅግ ስለ በዛ ተራ መጠበቂያው ዓመታት ፈጀ፣ ያገለገለውም ከአዲሱ በሚበልጥ ዋጋ የተሸጠበት ጊዜ ነበር። በኢጣሊያም ዳንቴ ጃኮዛ የነደፈው ፊያት 600 በ1955 በ590,000 ሊሬ ለገበያ ቀረበ። ይህ በኋለኛው ወገን ሞተር ያለው ትንሽ መኪና ባሕር ተሻግሮ በአዲስ አበባ ሴይቼንቶ በተባለ ስሙ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ ታክሲ ሲሆን፣ ከአውቶቡስ በቀር መጓጓዣ ያላወቀውን የከተማ ሰው በጥቂት ሳንቲም ያደርሰው ጀመር፤ ለባለቤቱም መኪና ወጪ ብቻ ሳይሆን ራሱን የሚከፍል የእንጀራ ገመድ ሊሆን እንደሚችል አሳየ።

ዕውቀትን ለገዢ የማስመለሱ ሥራ በሕግ የተጀመረው በአሜሪካ ነው። በ1936 የሸማቾች ማኅበር ተቋቁሞ ዕቃዎችን በገለልተኛነት እየመረመረ ውጤቱን በመጽሔቱ ማውጣት ጀምሮ ነበር፤ በ1950ዎቹም ከአባላቱ በጥያቄ እየሰበሰበ የትኛው መኪና ምን ያህል ጊዜ እንደሚበላሽ ይገልጥ ጀመር። ዋጋው ግን ገና በሻጩ አፍ ላይ ነበር፤ አንዱ ሻጭ ለአንዱ ገዢ አንድ ዋጋ፣ ለሌላው ሌላ ዋጋ ይነግራል፣ በአሮጌው መኪና ልዋጭ ብዙ የሰጠ መስሎ በአዲሱ ላይ ጨምሮ ይመልሰዋል። የኦክላሆማው የሕግ መወሰኛ አባል ማይክ ሞንሮኒ ይህንን አስመርምረው በ1958 ባስወጡት ሕግ፣ በእያንዳንዱ አዲስ መኪና መስኮት ላይ የፋብሪካው ዋጋ፣ የተጨማሪ ዕቃው ዋጋና የማጓጓዣው ዋጋ በዝርዝር ተጽፎ እንዲለጠፍ ግዴታ ሆነ፤ ወረቀቱም እስከ ዛሬ በእርሳቸው ስም ይጠራል። በ1968 የወጣው ሕግ አበዳሪው የዓመት ወለዱን በአንድ ዓይነት ስሌት በግልጥ እንዲያስታውቅ አዘዘ፤ በ1975 የወጣውም የነዳጅ ፍጆታው በመኪናው ላይ እንዲጻፍ አደረገ፤ በ1982 ደግሞ የኮኔቲከት ግዛት፣ ደጋግሞ ተጠግኖ ያልዳነ አዲስ መኪና በሌላ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የሚያዝዘውን የመጀመሪያውን ሕግ ደነገገ። እኒህ ሕጎች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ባላገሩ በበቅሎዋ ጥርስ ያነብ የነበረውን ነገር በወረቀት ለገዢ እንዲነበብ ያደረጉ ናቸው።

የነዳጅ ፍጆታ ከዋጋ እኩል እንዲታይ ያደረገው ግን ከሕግ አስቀድሞ መከራ ነው። በኦክቶበር 1973 የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት በተነሣ ጊዜ የዓረብ አገሮች ነዳጅ ከለከሉ፤ በርሜሉ 3 ዶላር ያህል የነበረው በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። በአሜሪካ ጐዳናዎች ረጃጅሞቹ ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪናዎች በነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይ ሲቆሙ፣ እስከዚያ ቀን የተናቁት የጃፓን ትናንሽ መኪናዎች፣ በ1966 የተጀመረው ቶዮታ ኮሮላና እርሱን የመሰሉት፣ የብልህ ሰው ምርጫ ሆኑ፤ ነዳጅ የማይፈጁ ብቻ ሳይሆኑ እንደ ሌሎቹ ቶሎ ቶሎ የማይበላሹ መሆናቸውም ተረጋገጠ። ያው ማዕበል ወደ እኛም ደረሰ፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. በነዳጅ ዋጋ ጭማሪ ምክንያት የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ማቆማቸው የዘውዱን መንግሥት ካናወጡት ምክንያቶች አንዱ መሆኑን የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። የነዳጁ ዋጋ የባለ አንዲት ትንሽ መኪና ኑሮ ምን ያህል እንደሚነካ፣ ይልቁንም በመኪናው ሠርቶ ለሚያድር ሰው ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ያ ወር አስረዳ።

ከዚያ በኋላ በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የመጣችው ላዳ፣ የፊያት 124 ልጅ ስለ ሆነች፣ የሴይቼንቶን የታክሲ ወንበር ወረሰች፤ ሜካኒኳም ለማንኛውም የአገራችን ጋራዥ ግልጥ ስለ ነበረ ለአርባ ዓመት ያህል ከመንገድ አልወረደችም። የግል መኪና ፈላጊው ግን ልቡን በቶዮታ ላይ አኖረ። ዲኤክስ እያልን የምንጠራት የ1980ዎቹ ኮሮላ፣ ከእርሷም በኋላ ቪትዝ፣ ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ ዋጋቸው መውረድ ሲገባው ከዓመት ወደ ዓመት በብር እየጨመረ የሄደበት ገበያ የባዕድ አገር ሰው ሲሰማው የሚደነቅበት ነው፤ ምክንያቱ ግን ለእኛ ግልጥ ነው። አዲስ መኪና በታክስ ብዛት ስለሚወደድ አሮጌው ይፈለጋል፤ መለዋወጫው በሶማሌ ተራም ሆነ በክፍለ ሀገር ስለሚገኝ አይጣልም፤ ብሩም ስለሚዳከም መኪና ገንዘብ ማስቀመጫ ሆኗል።

ቀድሞ በነበረው ሕግ ከውጭ የሚገባ የቤት መኪና በዋጋው ላይ 35 ከመቶ የጉምሩክ ቀረጥ፣ እንደ ሞተሩ መጠን 30፣ 60 ወይም 100 ከመቶ ኤክሳይዝ፣ 15 ከመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስና 10 ከመቶ ሱር ታክስ ይጣልበት ነበር፤ አንዱ በሌላው ላይ እየተሰላ ስለሚሄድ ትንሹ መኪና እንኳ ከተገዛበት ዋጋ እጥፍ አልፎ ይገኝ ነበር። የኤክሳይዙ ልክ የመኪናውን ዕድሜ ስለማይመለከት አስመጪውም ገዢውም ወደ አሮጌው አዘነበሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ይህንን ገለበጠው፤ ከ1,300 ሲሲ የማይበልጥ አዲስ መኪና ኤክሳይዙ ወደ 5 ከመቶ ሲወርድለት፣ ከሰባት ዓመት ያለፈው ያገለገለ መኪና እስከ 500 ከመቶ እንዲጣልበት ተደነገገ። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናን ከኤክሳይዝ፣ ከሱርና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ። በአራት ዓመት ውስጥ የኢትዮጵያ ገዢ ካሮጌ ኮሮላ ወደ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና እንዲሻገር ተጠራ ማለት ነው።

በዚህ አዲስ ገበያ ፊት የቆመ ባለ መጠነኛ ገቢ ሰው የሚያስፈልገው ምክር ከላይ በተተረከው ታሪክ ውስጥ ሁሉ ተዘርቶ ይገኛል። የሞዴል ቲ ገበሬ እንዳደረገው፣ ከመግዛቱ አስቀድሞ በሰፈሩ ማን እንደሚጠግነው፣ መለዋወጫውስ ከየት እንደሚመጣ ይጠይቅ፤ ለኤሌክትሪኩ መኪና ይህ ጥያቄ በተለይ ባትሪውን ይመለከታል፤ የዋስትናው ዘመን በጽሑፍ ስንት ዓመትና ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ሆነ፣ ዋስትናውን የሰጠው በአገር ውስጥ ያለ ወኪል ይሁን ወይስ ባሕር ማዶ ያለ ፋብሪካ፣ አንድ ጊዜ ተሞልቶ በሞቃትና በአቀበታማ መንገድ በውነት ምን ያህል እንደሚሄድ፣ በቤቱስ የሚሞላበት መስመር መኖሩን ያረጋግጥ። ዕቁብ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ሁሉ በመኪናው ዋጋ ላይ አያፍስስ፤ የመድኑ ዓረቦን፣ የዓመቱ ምርመራና ቦሎ፣ የጎማው፣ የማቆሚያውና የደላላው ኮሚሲዮን ተከትለው ይመጣሉና። ከባንክ የሚበደር የወሩን ክፍያ ሳይሆን የመጨረሻውን ድምር አስጽፎ ይያዝ። ገንዘብ አስቀድሞ የሚሰጥ ከሆነ መኪናው በዓይኑ የታየ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ በውሉ ውስጥ የገባ፣ የጉምሩክ ሰነዱም የቀረበ ይሁን፤ ሊብሬው በስሙ ሳይዞር ሒሳቡን አይዝጋ። ግንብ ሊሠራ ስለሚያስብ ሰው በወንጌል የተነገረው ምሳሌ፣ መሠረቱን ከመጣሉ በፊት ቁጭ ብሎ እስከ ፍጻሜው የሚበቃውን ማስላት እንደሚገባው የሚያስተምር ነውና፣ ለዚህም ግዢ ከእርሱ የሚበልጥ መምህር አይገኝም።

በገዢው ትጋት ላይ ብቻ ሁሉን መጣል ግን ፍትሕ አይሆንም። በሌላው አገር ያየነው የዋጋ ወረቀት፣ የወለድ መግለጫና የብልሽት ዋስትና ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ የተበደለ ገዢ ጮኾ፣ ሕግ አውጪ ሰምቶ፣ ሻጭም ሳይወድ ተቀብሎ የተገኘ ነው። በእኛም አገር እያንዳንዱ አዲስ መኪና ቀረጡና ታክሱ፣ የአስመጪው ዋጋ፣ የባትሪው ዋስትናና የሚሄድበት ርቀት በአማርኛና በየክልሉ ቋንቋ ተዘርዝሮ በመስኮቱ ላይ ቢለጠፍ፣ ታማኙ ነጋዴ የሚጠቀም እንጂ የሚጎዳ አይሆንም። ሰው ለፍቶ ያጠራቀመውን ንዋይ የሚሰጥበትን ነገር ምንነቱንና ጠቅላላ ወጪውን አስቀድሞ ማወቅ መብቱ ነው፤ ይህንን መብት ሕግ እስኪጽፍለት ድረስም ጠይቆ፣ አስመርምሮና በጽሑፍ አስይዞ በራሱ እጅ ያስከብረው።